የቀባሁት ደም

ለፊልም ተዋናዮች ሜካፕ መሥራት እንጀራዬ ነው። መካነ ሰላም አጠገብ በነበረው ቀረጻ ላይ ግን የሠራሁት ምን እንደሆነ ራሱ ጠፋብኝ።

ትዕይንቱ የሁለት ወንድማማቾች የድንበር ጠብ ነው። አንደኛው በዱላ ይመታል፤ ሌላው ግንባሩ ተፈንክቶ ይወድቃል። ቁስሉን በሰም ሠራሁ፤ ደሙን ከማርና ከቀይ ቀለም በእጄ በጠበጥኩ። አምሮልኝ ነበር። ቀረጻው ተጀምሮ ተመቺው እንደወደቀ፣ ቆመው ሲያዩን የቆዩ የአካባቢው ሽማግሌዎች ድንገት መሃል ገቡና ዱላውን ቀሙ። የወደቀውን ደግፈው ሲያነሱት ጠዋቱን ሙሉ የለፋሁበት ቁስል በጋቢያቸው ታሸ።

"አባቶች፣ ቀለም እኮ ነው! ማር ነው፣ ቅመሱት!" ብዬ ጮህኩ።

አንደኛው ሽማግሌ ረጋ ብለው፣ "ቀለም መሆኑንማ ስትቀቢው አይተናል፣ ልጄ። ዓይናቸውንም አንቺ ነሽ የቀባሽው?" አሉኝ።

ሁለቱ ተዋናዮች ከደሴ ከተነሳን ጀምሮ እንደተኳረፉ ሁላችንም እናውቃለን። ዳይሬክተሩ እንዲያውም "ለትወናው ይጠቅማል፣ ተዋቸው" ብሎን ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሣሩ ላይ አስቀምጠው አናገሯቸው። መቺው ተነስቶ የተመቺውን ጉልበት ሳመ፤ ሁለቱም አለቀሱ። ካሜራው ጠፍቷል። ትወና ይሁን እውነት ግራ ገብቶኝ፣ እንባው የቀረውን ደም ሲያጥበው ብሩሼን ይዤ ቆሜ አያለሁ። መልሼ ልቀባው? ልተወው?

ሽማግሌው ዱአ ሲጀምሩ ሁላችንም መዳፋችንን ዘረጋን። "አሚን" ብዬ ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል በደም የቀላው የእኔ እጅ ብቻ ነበር።