በባሌ ወገብ ላይ የታየው ብረት

ባሌ ጠዋት ጠዋት ከመደብ ለመነሳት የሚፈጅበት ጊዜ ያሳብደኝ ነበር። ላሞቹ ታልበው፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ጎረቤት ሁሉ ወደ ማሳው ወርዶ፣ እሱ ገና የመደቡን ጠርዝ ይዞ ወገቡን ለማቃናት ይታገላል። ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነው። እኔ ደግሞ ሃያ ያልሞላኝ፣ ምላሴ ከእጄ የሚቀድም ሴት ነበርኩ።

«ሽማግሌ ነው እንዴ ያገባሁት?» እለዋለሁ።

«ቆይ፣ ትንሽ ልራመድበት፤ ይለቀኛል» ይላል እየሳቀ።

እውነትም ይለቀዋል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ሞፈሩን ተሸክሞ ይወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ከማንም እኩል ያርሳል። የማይገባኝም ይኸው ነበር። የታመመ ሰው ሲሠራ ይብስበታል እንጂ እንዴት ይሻለዋል? ሲተኙ የሚያም፣ ሲሠሩ የሚተው በሽታ እኔ ሰምቼ አላውቅም። እናቱ በሕይወት ሳሉ «ቁርጥማት ነው» ብለው ከወገቡ በታች በቀኝ በኩል በጋለ ብረት አቃጥለውለት ነበር፤ ጠባሳው ሳንቲም የሚያህል ክብ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ግን ስንፍና ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ሊነጋ ሲል ሕመሙ ቀስቅሶት በግቢው ሲዞር፣ አልፎ አልፎም እስከ ወንዙ ወርዶ ሲመለስ እሰማለሁ። ብርድ ልብሱን ወደ ራሴ ስቤ፣ «ደግሞ ጀመረው» ብዬ እተኛለሁ።

ሰፈራችን ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ግርጌ ነው። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል፤ አርበኞች ተራራውን ይዘዋል። እኛ መሀል ነን። ሌሊት ከቤት የወጣ ሰው፣ ለሽንትም ይውጣ ለሌላ፣ ለማን ሊላክ ወጣ ይባላል። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ አልነበረም። እኔም አውቅ ነበር። አውቄ ነው እንግዲህ የተናገርኩት።

ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ፣ ሴቶቹ በየባሎቻቸው ሲቀልዱ ተራው እኔ ላይ ደረሰ። «የእኔውማ ሌሊቱን ሲዞር ያድራል፣ ጠዋት ወገቤን ብሎ አልነሳም ይላል፣ ቀትር ላይ አንበሳ ይሆናል!» አልኩ። ሳቁ። ሲስቁልኝ ደስ አለኝ፤ ጨመርኩበት፤ እንዴት ወገቡን ይዞ እንደሚያነክስ እየሄድኩ አሳየኋቸው። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ማወቅም ትቻለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጭቃ ሹሙ ጣልያን ያስታጠቃቸው ሁለት አስካሪዎች አስከትሎ መጣና ባሌን ከነሞፈሩ ከማሳው ወሰዱት። ሞፈሩን መንገድ ላይ ጥለውት አገኘሁት።

ስንቅና የታጠበ ሱሪ ይዤ ተከተልኩ። ደብረ ማርቆስ ደርሼ ከምሽጉ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ቆምኩ። ወደ ማምሻው አስተርጓሚው ወጣ፤ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ አማርኛው የጠራ ሰው ነው።

«አንቺ ነሽ ሚስቱ?»

«አዎን ጌታዬ። ምን አጠፋ ብላችሁ ነው የያዛችሁት? አንቱ ይንገሩኝ።»

ነገረኝ። ከሳምንታት በፊት መንገድ ላይ አደጋ ተጥሎ ነበር፤ ከተኳሾቹ አንዱ ወገቡን ተመትቶ አምልጧል። ሌሊት የሚዞር፣ ጠዋት ወገቡን ይዞ መነሳት የሚያቅተው ጎልማሳ ደግሞ እዚያው አቅራቢያ ተገኘ። የጦሩ ሹም ወዲያው ሊሰቅለው ነበር። ያስቆመው ሐኪሙ ነው። ይህ ሐኪም የቁርጥማት በሽተኞችን ከየገበያው እያስመጣ አጥንታቸውን ፎቶ የሚያነሳ፣ ፎቶውን በየመዝገቡ የሚያስቀምጥ ሰው ነው አለኝ። «የአጥንት በሽታ ይሁን ጥይት በራጅ መኪናዬ ይታያል» ብሎ ሹሙን አስታገሠው። ራጅ የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ሰማሁ።

«ነገ ረፋድ ላይ ራጅ ይነሳል» አለ አስተርጓሚው። «የጥይት እርሳስ ከተገኘበት ይሰቀላል። ካልተገኘበት ይፈታል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።»

ደስ ብሎኝ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ባሌ ላይ ጥይት የለማ! የገዛ ወገቡን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ግን ደስታው እየቀዘቀዘ፣ ሌላ ነገር ይበላኝ ጀመር። ሥጋን አልፎ አጥንት የሚያይ ዓይን። የሰው ዓይን ላዩን አይቶ ስንቱን ገድሏል፤ ውስጥ ድረስ የሚገባውማ እንዴት ያደርግ ይሆን? ለአራስ ከራስጌዋ ብረት የምናኖረው፣ ክፉ ዓይን እንዳይደፍራት አይደል? ባደርኩበት ቤት ግድግዳ ላይ የማጭድ ስባሪ ተሰክቶ ነበር፤ ጫፉ ብቻ፣ የአውራ ጣት የሚያህል። ሴትዮዋን ለምኜ ወሰድኩና የታጠበውን ሱሪ ወገብ ፈትቼ፣ በእጥፋቱ ውስጥ ከኋላ በቀኝ በኩል፣ በሚያመው ላይ እንዲያርፍ አድርጌ ሰፋሁት። ስፌቴ ደቃቅ ነው፤ በእጅ ቢዳሰስ እንኳ እጥፋት ይመስላል። ለእሱ አልነገርኩትም። ብነግረው ይስቅብኝ ነበር።

በማግስቱ ሱሪውን በአስተርጓሚው እጅ ላክሁለት፤ ለብሶት ወጣ። ሦስት ቀን መሬት ላይ ስላደረ እንደ ሽማግሌ ጎብጦ ነበር። ራጁ ያለበት ቤት መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ከጓሮው ሞተር ይንደቀደቃል። ሐኪሙ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ የጣቶቹ አንጓዎች ያበጡ ሰው ነው። የገዛ እጁን ሳይ ለምን ቁርጥማት እንደሚያሳድድ ገባኝ።

«ብረት ያለበትን ነገር ሁሉ ያውልቅ ይላል» አለ አስተርጓሚው።

ባሌ ከማተቡ ላይ መስቀሉን ፈትቶ፣ ተሳልሞ በእጄ ላይ አኖረው። ሱሪህን ሲሉት ግን እምቢ አለ፤ ሴት ባለችበት፣ ባዕድ ባለበት አላወልቅም አለ። ሐኪሙ ወገቡን ዳበስ አድርጎ ጨርቅ ብቻ መስሎት ተወው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ቃሉንም ሰምቻለሁ። ብረት ያውልቅ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ! ነገር ግን በልቤ ያልኩት ይህን ነው፤ «ብረት የሚፈራ ዓይን ክፉ ዓይን ነው። እንኳንም ሰፋሁለት።» አፌን ዘጋሁ። መናገር በማይገባኝ ጊዜ ስለፈልፍ ኖሬ፣ መናገር በሚገባኝ ቀን ዝም አልኩ።

በሩ ተዘጋ። ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጮኸ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሐኪሙ ውኃ የሚንጠባጠብ ጥቁር ፊልም ይዞ ወጣና ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። የጦሩ ሹም ፊልሙን ነጠቀው፤ አየና በጣቱ እየጠቆመ ጮኸ። እኔም ከነበርኩበት ታየኝ። ከአጥንቱ ጥላ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ጫፉ የሾለ ነጭ ነገር አለ። ከአጥንቱም ይልቅ የነጣ።

ሹሙ ገብቶ የባሌን እጀ ጠባብ ገለበው። ክቡ ጠባሳ እዚያው አጠገብ ነው።

«የገባበት ይኸው፣ እርሳሱም ይኸው ይላል» አለ አስተርጓሚው። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

ባሌ ምን እንደሚሉት አልገባውም። «እናቴ ናቸው ያቃጠሉኝ፤ ለቁርጥማት ነው» ይላል ደጋግሞ። ሹሙ ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣና አስነበበ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መሬት እያየ ተረጎመው።

«የገዛ ሚስቱ ሌሊት ሲዞር ያድራል፣ ጠዋት ወገቡ አያስነሳውም ብላለች። እዚህ ተጽፏል።»

ባሌ ዞሮ አየኝ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አስተያየት ግን ዳግመኛ እንዲያጋጥመኝ አልፈልግም። ቁጣ አልነበረም። አንድ ነገር ጠይቆኝ፣ መልሱንም እዚያው ፊቴ ላይ እንዳገኘ ሰው ያለ ነበር። አስካሪዎቹ ሁለት እጁን ያዙት።

ነጩ ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ መጣልኝ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የሰፋሁት! የማጭድ ስባሪ ነው!» ብዬ በአስካሪዎቹ መሀል ተወርውሬ የሱሪውን ወገብ ያዝኩ። በሰደፍ ትከሻዬን መቱኝ፤ አለቀቅሁም። ያን ደቃቅ ስፌቴን በጥርሴ ነው የፈታሁት። የማጭዱ ጫፍ መሬት ላይ ወደቀ።

«ውሸት ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «አሁን በእጅሽ ይዘሽ ገብተሽ ነው ይላል።»

«በመስቀል እምላለሁ! አንቱ፣ ይንገሩልኝ! ዓይን እንዳያገኘው ብዬ ነው!»

አስተርጓሚው ይህን እንዴት እንደተረጎመው አላውቅም። ሹሙ ሳቀ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ባበጡት ጣቶቹ ስባሪውን ከመሬት ለማንሳት ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ በሦስተኛው ያዘው። እርጥቡ ፊልም ላይ፣ በነጩ ጥላ ላይ አኖረው። ቅርጹ ያው ነበር፤ ሹል ጫፉም፣ የተሰበረበት ወገንም። ሹሙ ጎንበስ ብሎ አየ፤ አሁንም ራሱን ነቀነቀ። ተከራከሩ። ፊልም ውድ ነው፣ ለአንድ ገበሬ ሁለት አይባክንም ነበር የሹሙ ነገር፤ አስተርጓሚው በኋላ ነው የተረጎመልኝ። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ባሌን በክንዱ ይዞ አስገባው። ሱሪውን እኔው ተቀበልኩ። በዚህኛው ጊዜ አላፈረም።

ያን መጠበቅ በምን ቃል ልንገራችሁ። የባሌ መስቀል በአንድ እጄ፣ ሱሪው በሌላ እጄ፣ ሹሙ ከፊቴ ሲጋራ ሲያጨስ። ከመስኮቱ ማዶ አንድ ዛፍ አለ፤ ገመድ ታስሮበት ያደረ ነው። እርሱን ላለማየት ሱሪውን አጥፌ ፈታሁ፣ እንደገና አጠፍኩ። «አምላኬ፣ የእኔን ምላስ ዝጋልኝ፣ እሱን ፍታልኝ» ስል ቆየሁ።

ሁለተኛው ፊልም ወጣ። ነጩ ነገር የለም። ሹሙ ረጅም ጊዜ ካየው በኋላ ወረቀቱን ቀዶ ጥሎ ሄደ።

ሐኪሙ ጠራኝ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሳና አከርካሪው ከዳሌው የሚጋጠምበትን በሁለቱም በኩል አሳየኝ። በጤነኛ ሰው እዚህ ጋ እንደ ጨርቅ ስፌት ጥርት ያለ መስመር ይታያል፤ ይህ ሰው ግን መስመሩ እየጠፋ፣ አጥንቱ ከአጥንት እየተጣበቀ ነው አለ። እንዲህ ያለው ሕመም ጎልማሶችን ይይዛል፤ ሲተኙ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይተዋል። ጀርባው ዓመት በዓመት እየደረቀ እንደ አንድ እንጨት ይሆናል። መድኃኒት የለኝም አለ።

«ሌሊት ሲነሳ ተዪው። መራመዱ ነው የሚረዳው ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

«መቼ ጀመረህ?» ብሎ ሐኪሙ አስጠየቀው።

«ስድስት ዓመት ሆነኝ» አለ ባሌ።

ከተጋባን ሦስት ዓመት ነበር። ሦስቱንም ዓመት በየጠዋቱ ወገቤን ብሎኛል። አንድም ቀን አላመንኩትም፤ ፈረንጅ በጥቁር ወረቀት እስኪያሳየኝ ድረስ።

ከከተማው እንደወጣን እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስቼ በማጅራቴ ተሸከምኩና ከፊቱ አጎነበስኩ። ይቅር በለኝ አልኩት። አለቅስ ነበር። እሱ ጎንበስ ማለት አይችልም፤ ድንጋዩን ከማጅራቴ ለማንሳት ጥርሱን ነከሰ። አንስቶ ጣለው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለኝ። «ተነሽ፣ እንሂድ።»

ከልቡ ነበር። ሰላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖርን፤ አምስት ልጆች ወለድን፤ ያቺን የወንዝ ወሬ አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ጣልያን ሄደ። የባሌ ጀርባ ሐኪሙ እንዳለው እየደረቀ መጣ፤ በመጨረሻ ሰማይ ለማየት በጀርባው መተኛት ነበረበት። ሊነጋ ሲል ሲነሳ እኔም እነሳለሁ፤ ነጠላዬን ደርቤ ከጎኑ ግቢውን እዞራለሁ።

«አመመህ?» እለዋለሁ።

«ደህና ነኝ። ግቢ፣ ይበርድሻል» ይለኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አመመኝ ብሎኝ አያውቅም።