ለጎሽ የሚሆን ጠመንጃ

ድርጅታችን የውጭ አገር አዳኞችን በሕጋዊ ፈቃድ ወደ ደቡብ ይዞ ይሄዳል። ቃሊቲ ያለው ግቢያችን ግን ከጎረቤት ጋራዦች ብዙም አይለይም፤ ድንኳን፣ ጄሪካን፣ የተከመረ የመኪና ጎማ፣ ከአስፋልቱ የሚመጣ የከባድ መኪና ጡሩንባ። ጠመንጃዎቹ የሚቀመጡት ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው የብረት ካዝና ውስጥ ነው። የዱር እንስሳት ባለሙያነቴን ትቼ የአዳኝ መሪነት ልምምድ ስጀምር ካዝናውን የከፈቱልኝ አንጋፋው መሪያችን ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

«ጎሽ ፊት ስትቆሚ የትኛውን መያዝ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

ሳላመነታ ትልቁን አሳየኋቸው። አራት መቶ ሃምሳ ስምንት የሚባለውን፣ ጥይቱ ከአውራ ጣቴ የሚረዝመውን። በድርጅቱ ሴት መሪ ኖራ አታውቅም፤ አነስ ያለውን ባነሳ «አልቻለችውም» እባላለሁ ብዬ ሰግቻለሁ። ጋሼ አልተከራከሩኝም። «ጥሩ ጠመንጃ ነው» ብለው አወጡልኝ።

መለማመጃው ሜዳ ላይ ገና የመጀመሪያውን ስተኩስ ሰደፉ እንደ በቅሎ ረገጠኝ። ጥርሴን ነክሼ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ካርቶኑ ላይ የተሳለው ጎሽ ግን አንድም ቀዳዳ አልነበረውም። ጋሼ ጠመንጃውን ተቀበሉኝና ጀርባቸውን ሰጥተው አጉርሰው መለሱልኝ። ምላጩን ሳብኩ። ቀጭ አለ እንጂ አልተኮሰም። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ተደፋ፤ ዓይኔም ጭፍን ብሏል። ለካ ያጎረሱት ባዶ ቀለህ ኖሯል።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ምንም ማሾፍ የለም። «ምቱን ስለፈራሽ ገና ሳይተኩስ ደነገጥሽ። ይኼ ድንጋጤ ደረቱ ላይ ያለምሽውን ሆዱ ላይ ያሳርፈዋል። ሆዱን የተመታ ጎሽ ደግሞ አይሞትም፤ ይጠብቅሻል።»

ከዚያ አነስ ያለውን፣ ሦስት መቶ ሰባ አምስቱን አቀበሉኝ። እሱም ይራገጣል፣ ግን የሚቻል ነው። ቆዳና አጥንት አልፎ ልብ የሚደርስ ጥይት እስከሆነ ድረስ የቀረው የተኳሹ ፋንታ ነው አሉኝ፤ ከዚያ ያነሰውን ግን ለጎሽ እንደማይፈቅዱ ነገሩኝ። መዝጊያውን እየሳቡ የሚያቀባብሉትን ዓይነት የመረጡልኝም በምክንያት ነበር። ቀለሁን በጥርሱ ነክሶ የሚያወጣ፣ ወድቀው እንኳ ቢሆን የሚያጎርሱት ጠመንጃ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጋዘኑ ውስጥ ባዶውን ጠመንጃ ይዤ ቆሜ ማነጣጠር ልማዴ ሆነ። ማታ ገላን ኮንዶሚኒየም ደረጃውን ስወጣ ክንዴ ይዝላል፤ ደስ የሚል ድካም ነበር።

ደቡብ ኦሞ የወረድነው ከአንድ ግዙፍ እንግዳ ጋር ነው። ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ዋጋው የማይነገር ጠመንጃ ይዟል። የእኔን አየና ፈገግ ብሎ «ለሴት የሚመች ነው» አለ። ለጋሼ አስተረጎምኩላቸው።

«እኔም የያዝኩት ይኸንኑ ነው በይው» አሉ።

ሰውየው ከልቡ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ጎሽ አገኘን። እንግዳው ተኮሰ፤ ጎሹ ተንገዳግዶ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። እንግዳው ሊከተለው ሲነሳ ጋሼ በእጃቸው አስቀመጡት። ጎሹ ደሙ ፈስሶ እስኪዳከም ጥላ ሥር አረፍ ብለው ውሃ ጠጡ፤ የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ። በኋላ ተነሡና «እሱ እዚህ ይቆይ። አንቺ በስተቀኜ ነይ። እኔ ሳልተኩስ እንዳትተኩሺ» አሉኝ።

ደሙን ተከትለን ገባን። ከሁለታችን ትንፋሽ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ድንገት ከፊታችን ቅርንጫፍ ተሰበረና ጎሹ ቀንዱን ዘርግቶ መጣብን። ጋሼ ምላጩን ሲስቡ ሰማሁ። ቀጭ! ጥይቱ ከሸፈ።

አልጮኹም፤ ወደ ኋላም አላሉም። እጃቸው ወደ መዝጊያው ሲሄድ፣ የከሸፈው ጥይት ሳር ላይ ሲወድቅ፣ ሌላው ሲገባ አይቻለሁ፤ ሸሚዙን ረጋ ብሎ የሚቆልፍ ሰው ይመስሉ ነበር። እኔ ትእዛዛቸውን የማስታውስበት ጊዜ አልነበረኝም። ደረቱ ላይ ተኮስኩ። ጎሹ በጉልበቱ ተንበረከከና እንደገና ተነሣ። ያኔ የጋሼ ጥይት ግንባሩን አገኘው። የወደቀው እግራችን ሥር ነው፤ አቧራው ጫማችንን ሸፈነው።

«ደኅና ነሽ?» አሉኝ መጀመሪያ። ቀጥለው አጎንብሰው ደረቱን አዩና «ቦታውን አልሳትሽም። እሱ ባይንበረከክ ኖሮ እኔ አልደርስም ነበር» አሉ።

እንግዳው ሲደርስ ይህንኑ ቃል በቃል አስተርጉሚለት ብለው ግድ አሉኝ። ስለ ራሴ እያስተረጎምኩ በሃፍረት ተቃጠልኩ። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ሁለታችንንም ጨበጠን።

አዲስ አበባ ስንመለስ አቃቂ ቤታቸው አደረስኳቸው። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው ሁለታችንንም አገላብጠው ሳሙን።

«እንዴት ነበር?»

«ደኅና ነበር። መንገዱ ብቻ አቧራ ነው» አሉ ጋሼ። እኔን አዩኝ፤ እኔም «አቧራ ነው» አልኩ።

ሽሮ ቀረበልን። ጋሼ ስለ ቃሊቲ መንገድ መዘጋጋት እያወሩ ውሃ ሊጠጡ ብርጭቆውን አነሡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በሁለት እጃቸው ደግፈው ጠጡና ወሬያቸውን ቀጠሉ። ባለቤታቸው ብርጭቆውን እንደገና በግማሽ ብቻ ሞሉላቸው።