የዋጃዋ ነጥብ

ትናንት የልጅ ልጄ የሒሳብ ደብተሯን ጉልበቴ ላይ ዘርግታ፣ «እማማ፣ ይቺ ነጥብ ከመስመሩ ወጣችብኝ» አለችኝ። ኧረ እኔስ ከግራፍ ጋር ቂም አለኝ!

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ቆቦ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ሁለት ቤት ነበረው። እናቴን ከአምስት ልጆቿ ጋር ቆቦ፣ ጣውንቷን ከሁለት ልጆቿ ጋር ዋጃ አስቀምጦ ይመላለሳል። ይመላለሳል የምለው ላለማማት ነው፤ እኛ ጋ በገበያ ቀን ብቅ ብሎ፣ ምሳውን በልቶ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ይሄዳል። አንዴ ዋጃ ተልኬ ስደርስ የጣውንቲቱን ትንሽ ልጅ ጭኑ ላይ አድርጎ ጥንቅሽ ሲልጥለት አየሁት። እኔ የራሴን ጥንቅሽ በጥርሴ ነበር የምልጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናት እንደ ሚጥሚጣ ሲለበልበኝ ኖረ።

በኅዳር ማሽላው ተወቅቶ ሲከፋፈል፣ ሮቢት ብቻዋን ለምትኖረው አያቴ ሁለት ጆንያ፣ ለእኛ ዐሥራ ሁለት፣ ለዋጃ ስምንት ደረሰ። ያን ሰሞን መምህራችን ሬሾ እያስተማረን ነበር። «ዐሥራ ሁለት ከስምንት ይበልጣል ብላችሁ እንዳትፈርዱ» ይለናል፤ «ለስንት ሰው? በሰንጠረዥ አስፍሩት፣ ግራፍ ላይ አውጡት። የነፍስ ወከፉ ድርሻ እኩል ከሆነ ነጥቦቹ ከዜሮ በሚነሳ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይሰለፋሉ።»

ይኸው ምስክር አገኘሁ! ከአብዮት በዓል በተረፈ የመፈክር ወረቀት ጀርባ ላይ ሰዉን አግድም፣ ጆንያውን ወደ ላይ አድርጌ ሳልኩ። አያቴ አንድ ሰው፣ ሁለት ጆንያ። ዋጃ ሦስት ሰው፣ ስምንት ጆንያ። እኛ ከነአባቴ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት ጆንያ። ከዜሮ ተነስቼ በአያቴ ነጥብ በኩል መስመሩን ብስበው የእኛ ነጥብ ከታች ወደቀች፤ የዋጃዋ ከላይ ጉብ አለች። ወላሂ፣ ደስ አለኝ! ያዝኩት አልኩ።

በገበያ ቀን ምሳው ሳይቀርብ ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋሁት።

«አባ፣ ለምን ለዋጃ አበለጥክ?»

«አላህን ፈርቼ ነው ያካፈልኩ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ይቺ ነጥብ ከመስመሩ በላይ ምን ትሠራለች?»

የትኛዋ ነጥብ የማን እንደሆነች አንድ በአንድ አስነገረኝ። ከዚያ የእኛን ነጥብ በጣቱ ነክቶ፣ «እኔንስ የት ቆጠርሽኝ?» አለ።

«እኛ ቤት ነዋ! የት ልቆጥርህ?»

እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች። አባቴ ወረቀቱን ትቶ ምንጣፉን እያየ፣ «እኔ እኮ የምበላው ዋጃ ነው» አለ።

ጓሮ ወጥቼ ሰንጠረዡን አስተካከልኩ። እኛ ስድስት፣ እነሱ አራት። ሁለቱም ነጥቦች መስመሩ ላይ ልክክ አሉ። አንዲት ቁና እንኳ አላጎደለብንም። እናቴ ተከትላኝ ስትመጣ እያለቀስኩ አገኘችኝ።

«ልክ መጣ አይደል?» አለችኝ።

«ልክ ነው።»

«ተይው በቃ። እኔም ቆጥሬዋለሁ።»

አባቴ ከሞተ ቆየ። የሚያውቁት ሁሉ በሁለቱ ቤቶቹ መካከል ያላዳላ ሰው ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው። የልጅ ልጄም ትናንት ደግማ ብትቆጥር በጥያቄው ካሉት ሰዎች አንዱን ረስታ ኖሯል፤ ጨምራው ነጥቧ መስመሩ ላይ ስታርፍላት አጨበጨበች። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አባቴ እኛ ቤት ተቆጥሮ ማሽላው ቢጎድልብን ይሻለኝ ነበር።