ከሥር የሚከፈተው ካሜራ

ካሜራው እስከ ዛሬም አልተበላሸም። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው! ትናንት ከሣጥኑ ሳወጣው ያ የቆዳና የማሽን ዘይት ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። ቁልፉን ስጫነው ደግሞ ያንኑ ለስላሳ ድምፁን አሰማኝ፣ ምንም እንዳላደረገ። ወርውሪው ወርውሪው አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ቦንጋ ከተማ ፎቶ ቤት ነበረው፤ እኔ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ፊልም አጥብ ነበር። የድሮው ካሜራችን ቀለሙ የተላላጠ፣ ሲነኩት የሚንቋቋ ነበር። ግን ጀርባው እንደ መጽሐፍ ስለሚከፈት ፊልሙ የሚጎትተው ጥርስ ላይ መያዙን በዓይንህ ታያለህ። ወንድሜ እሱን ሸጦ፣ ደን ሊያጠና ከመጣ ፈረንጅ ይህን ገዛ። ድፍን ብረት፣ ጀርባው ጨርሶ የማይከፈት። ሠሪዎቹ ገላው እንዳይላላ ብለው ፊልም ማስገቢያውን ከሥሩ አደረጉት። ፈረንጁ ታዲያ "የፊልሙን ጫፍ በረጅሙ አቅጥነህ ቁረጠው፣ አለዚያ አይይዝም" ብሎ ደጋግሞ አስጠንቅቆት ነበር።

እኛ ዘንድ ግን ፊልም ከጅማ በአውቶቡስ ነበር የሚመጣው። የቦንጋ ፎቶ አንሺ ሁሉ ጫፉን በአጭሩ ብቻ ቆርጦ ከአንዱ ፊልም ሁለት ሦስት ፎቶ ይመነትፍ ነበር። ወንድሜም "ይሄን ሁሉ ቆርጬ ልጥል? ሰውዬው አብዷል እንዴ!" አለና እንደለመደው በአጭሩ ቆረጠው።

በዚያው ፊልም አባታችንን ልናነሳ ማንኪራ ሄድን። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ከንቦቹ ጋር የኖረ፣ አንድም ፎቶ ያልነበረው ሰው ነው። ደረቱን ካመመው ወዲህ ግን "የልጅ ልጆቼ መልኬን ይወቁ" ብሎ ራሱ ላከብን። ኮት ተውሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ ደጅ ተቀምጦ ጠበቀን። ከዝናቡ በኋላ የወጣችው ፀሐይ ፊቱ ላይ ነበረች።

"አባዬ፣ እንዳትተነፍስ!" ይላል ወንድሜ። አባዬ በዚያ በታመመ ደረቱ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ሲለቀው ሳሉ ያጣድፈዋል። ዐሥር ጊዜ! እኔ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ወንድሜ ፊልሙን ሲያሳልፍ፣ ፊልሙ ከሄደ መዞር የነበረበት ከላይ ያለው መጠቅለያ አብሮ አይዞርም።

"ይሄ እኮ አይዞርም" አልኩት።

"ዝም በይ! እንደዚያ አሮጌ ካሜራ መሰለሽ?"

ምን አፌን ያዘኝ?

ቦንጋ ተመልሰን ፊልሙን ሳጥበው ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነው። አንድ ጥላ እንኳ የለበትም። ወንድሜ ካሜራውን ረገመ። እኔ እሱንም፣ ካሜራውንም፣ ራሴንም ረገምኩ።

በሳምንቱ ጫፉን በረጅሙ ቆርጠን፣ መዞሩን አረጋግጠን ተመለስን። አባዬ ግን ቀና ማለት አቅቶት፣ ፊቱ አብጦ ተኝቷል። ወንድሜ ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጣ ደጅ ወጥቶ ቆመ። አባዬ እጄን ይዞ በካፍኛ "ወጣሁ?" አለኝ።

"በጣም አምሮብሃል።"

"ታዲያ አሳዪኛ።"

"እስኪደርቅ ነው። እሁድ አመጣልሃለሁ።"

ፈገግ አለ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የውሰት ኮት በዓይኑ አሳየኝና "በቃ፣ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፤ ለባለቤቱ መልሺልኝ" አለኝ።

ኮቱን ይዤ ወጣሁ።