አፉ የታሰረ ወናፍ

አርብ ከሰዓት ቤታችን ውስጥ ጉም ይገባል። ሻአሪያ በሚባለው ሰፈራችን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጉም ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እናቴን አያውቃትም ማለት ነው። ሰንበት ከመግባቱ በፊት በአንድ እጇ የበረሮ መድኃኒት፣ በሌላው የቤት ሽቶ ይዛ ከክፍል ክፍል ትዞራለች። ሁለቱንም ስፕሬይ ትላቸዋለች፤ ሁለቱንም እኩል ታምናቸዋለች። የረጨችው ነገር በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ሲያገኘው ወርቅማ ይሆንና ቀስ እያለ ይወርዳል። እኔ ከሥራ ተመልሼ ሶፋው ላይ ጋደም እላለሁ፤ ሎሚም፣ አበባም፣ መርዝም የሚሸት እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ መስኮት ሳይከፈት ጣሳ አላስነካትም።

በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ የምሰማው ድምፅ አንድ ነበር፤ ከበረንዳው የሚመጣ የመዶሻ ድምፅ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አባቴ ነው።

አባቴ ጎንደር ሳለ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻና ማጭድ ይሠራ ነበር። እዚህ ሲመጣ ማረሻ የሚፈልግ ሰው አላገኘም፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሲያሽግ ኖረ። ከአገር ይዞት የመጣው እጀታው በላቡ የጠቆረ መዶሻና አንዲት ዓይን ነው። ሌላኛዋን እኔ ሳልወለድ ፍንጣሪ ወስዷታል። ወናፉ አንድ ቀን አየሩን አብዝቶ ነፋና ፍሙ ከምድጃው ዘለለ አሉ። እሱ ስለዚህ ብዙ አያወራም። ሲጠይቁት “እሳት ድርሻውን ወሰደ” ይላል፣ በቃ።

ቆርቆሮ ሲጣል ማየት አይችልም። እሱ ባደገበት መንደር ጣሳ ከተገኘ መጀመሪያ ኩባያ ይሆናል፤ ኩባያነቱ ሲበቃው ኩራዝ ይሆናል፤ ኩራዝነቱ ሲያበቃ የተበሳ ነገር መለጠፊያ ይሆናል። እዚህ ሰው ጣሳን እንደ ሙዝ ልጣጭ ይጥለዋል። ስለዚህ በረንዳችን የወይራና የበቆሎ ጣሳ መጠለያ ሆነ። ይቆርጣል፣ ያጥፋል፣ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን ቀጥቅጦ ያለሰልሳል። ፎቃችን ላይ አበባ የተከለ ሁሉ የተከለው በአባቴ ጣሳ ነው።

እኔ ደግሞ ፀጉር ሠሪ ነኝ። የምሠራበት ቤት የፀጉር ስፕሬይ እንደ ውኃ ይፈሳል። ጣሳዎቹ ረጅምና የሚያብረቀርቁ ናቸው፤ አባቴ ይወዳቸዋል ብዬ ያለቁትን በቦርሳዬ ይዤለት እመጣ ነበር። ይህን ልደብቅ አልፈልግም፤ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።

አንድ አርብ የበረሃ ሙቀት ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ራሴን እያዞረኝ ቤት ደረስኩ። ጉሙ ወርዶ አልቋል፤ እናቴ ገላዋን እየታጠበች ነው። ሶፋው ላይ ልወድቅ ስል መዶሻው ዝም ማለቱ ታወቀኝና ወደ በረንዳው ዞርኩ። የእኔ ጣሳዎች ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። አባቴ አንዱን በጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ ይዞታል። ሚስማር የጣሳው ሆድ ላይ አቁሟል፤ ሚስማሩ እንዳይንሸራተትበት ያቺን አንዲት ዓይኑን አጠገቡ ድረስ አስጠግቷል። መዶሻው ከፍ ብሏል።

“አባ! ተው!”

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። “ምን ሁነሽ ነው? ባዶ ነው’ኮ፤ ሬክ ነው!” አለ። አንዱ ባይገባኝ ሌላው ይገባኛል ብሎ ባዶነቱን በሁለት ቋንቋ ነገረኝ።

ጣሳውን ነጥቄ አናቱን ተጫንኩት። ፍስስስ አለ።

“ላሐጽ አለው፣ አባ! ላሐጽ!”

የአማርኛው ቃል በዚያች ሰዓት ጠፋኝ። ላሐጽ በዕብራይስጥ ግፊት ነው። ጭንቀትም ላሐጽ ነው፤ የአባቴ የደም ግፊትም ላሐጽ ነው። እኛ ቤት ላሐጽ ከተባለ ጨው የሌለው ወጥና ጠዋት ጠዋት የሚዋጥ ነጭ ኪኒን ማለት ነው።

“ኪኒኔን ውጫለሁ” አለ ተቆጥቶ።

“አንተ አይደለህም፤ ጣሳው ነው!”

“ጣሳው ላሐጽ አለው?” ትንሽ አሰበ። “እንግዲያ ጨው ይቀንስ!” አለና ሌላ ጣሳ ወደ ጉልበቱ ሳበ።

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ያን ቀን ግን ተናደድኩ፤ በእሱም፣ በራሴ ምላስም። በሁለት ቋንቋ ስለፈልፍ አድጌ፣ የአባቴን ዓይን የምታተርፍ አንዲት ቃል ላጣ? ሚስማሩን እንደገና ሲያቆም አየሁ። ያኔ ቃሉ ራሱ መጣልኝ፤ ልጅ ሳለሁ ስለ አገሩ ሲያወራ ከእሱ አፍ የሰማሁት ቃል።

“ወናፍ ነው፣ አባ” አልኩት። “አፉ የታሰረ ወናፍ። ባዶ ይመስላል እንጂ ትንፋሹ ውስጡ ነው። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይብስበታል።”

መዶሻውን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። በአውራ ጣቱ ዓይኑ የነበረችበትን ቦታ ነካ።

“ወናፍ ካልሽ ገባኝ” አለ።

እዚህ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። እኔ ግን መዶሻውን አነሳሁና ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። “አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም” አልኩት፤ ተረቱን ያስተማረኝ ራሱ ነው። አባትን በገዛ ተረቱ መምታት ነውር ነው። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

ከዚያ ወዲህ የስፕሬይ ሹም እሱ ሆነ። ጣሳዎቹን ከፀሐይ አንስቶ ጥላ ውስጥ ደረደራቸው። እናቴ ምድጃው እየነደደ ስፕሬይ ካነሳች “ራቂ! ወናፍ በእሳት ላይ?” እያለ ከወጥ ቤት ያስወጣታል። አንዱ ያለቀ ሲመስለው በረንዳ ላይ ይወጣል፤ አፉን ከሰውም ከራሱም አዙሮ፣ ፍስ ማለቱን እስኪያቆም ድረስ ይጫነዋል። ከዚያ ጆሮው ላይ ለጠፍ ያደርገውና “ላሐጽሽ ወረደ ወይ?” ብሎ ይጠይቀዋል። ጣሳ ለእሱ ሴት ናት። ካልመለሰችለት፣ ሳይወጋት፣ ሳይጨፈልቃት፣ ደረጃውን ወርዶ ብርቱካንማው ገንዳ ውስጥ ያስቀምጣታል።

“ከዚህ ወዴት ይወስዷቸዋል?” አለኝ አንድ ቀን።

“ሚህዙር ነው፣ አባ። አቅልጠው ሌላ ነገር ይሠሩበታል።”

“እንግዲያ የሆነ ቦታ ቀጥቃጭ አለ” አለ። ድምፁ ውስጥ ቅናት ነበር።

አርብ ከሰዓት ጉሙ እንደ ወትሮው ይወርዳል፤ እኔ ጋደም እላለሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለ። ቀጭ ቀጭ የሚል የለም። ምንም ትንፋሽ የሌላቸው የወይራ ጣሳዎች እንኳ ሳይነኩ ተከመሩ። በሥራ ቦታዬም ሰላም አጣሁ። የደንበኛ ፀጉር ላይ ስፕሬይ ስረጭ ሚስማሩ ይታየኝና ጣቴን ከአናቱ አነሳለሁ። በቀን አራት ጊዜ ቤት እደውላለሁ። “አባ፣ ምን እየሠራህ ነው?” እለዋለሁ። “ተቀምጫለሁ” ይለኛል። አራቱንም ጊዜ ተቀምጫለሁ።

“አባትሽ እጃቸውን እያዩ ይውላሉ” አለችኝ እናቴ። “ዓይናቸውን አተረፍሽ፤ በሰደር፣ እሺ። እጃቸውንስ?”

ጮህኩባት። ፈርቼ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም ቢሆን።

በሚቀጥለው አርብ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። መዶሻውን ከአንድ የሠራተኛ መከላከያ መነጽር ጋር አምጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩለት። “ትንፋሽ ለሌላቸው ብቻ” አልኩ፤ ይቅርታ ልል አስቤ የወጣልኝ ይኸው ነበር። አባቴ መነጽሩን አጠለቀና ወዲያ ወዲህ አየበት።

“አንደኛው መስተዋት ሥራ ፈት ነው” አለ።

ከዚያ አንድ የወይራ ጣሳ አነሳ። ክዳኑ ተቆርጦ የወጣ፣ አፉ የተከፈተ ጣሳ ነው፤ ቢሆንም ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሶፋው ላይ ተጋደምኩ። የተከፈተው መስኮት መጋረጃውን ያነሳል፣ ይጥላል፤ የሎሚው ሽታ እየራቀ ይሄዳል። እንቅልፍ መጣ ስል እንባ መጣ። ድምፅ አላሰማሁም፤ ፊቴን ትራሱ ውስጥ ቀብሬ ነው ያለቀስኩት፣ ረጅም ጊዜ፣ እስኪያልቅ።

መዶሻው ቆመ።

“ላሐጽሽ ወረደ ወይ?” አለ አባቴ።

የትኛዋን ጣሳ እንደሚጠይቅ ለማየት ቀና አልኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በሩ ላይ ቆሟል፤ በአንዲት ዓይኑ እኔን ያያል። እጁ ላይ ጣሳ የለም።