ፊልሙ ቆሞ ሲጠብቀኝ

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2022 መጀመሪያ፣ ፈረንጅ አገር ያለው ሰፈራችን ኢስትሙር በረዶ በለበሰበት ሰሞን፣ እኔና የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጄ ተኳርፈን ነበር። ሾርት ኖርዝ የሚባል ሰፈር ዕቃ ላደርስ ሄጄ ከአንድ ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ አየኋት። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ መኪና ውስጥ እንድትገባ አዘዝኳት፤ ልጁ ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋ እንዳላየ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ከሷ የማገኘው መልስ "ፋይን" እና "ኖ" ብቻ ሆነ። አባት ነኝና ትክክል መሆኔን አልተጠራጠርኩም፤ ግን ቤቱ ጭር አለብኝ። እንደ ድሮው እንድታወራኝ ብዬ ያልሞከርኩት ነገር የለም፤ የማልወደውን ፒዛ ሳይቀር ገዝቼ ገብቻለሁ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ሥራ ገብታ፣ ልጄ ሳሎን ፊልም ስትከፍት ሳልጠራ ሄጄ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አላባረረችኝም።

ፊልሙ የወጣቶች ነው። ስድስት ልጆች፣ ትልቁ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፣ ሩቅ ጨረቃ ላይ ባለ የምርምር ጣቢያ ውስጥ ብቻቸውን ቀርተዋል። ከመካከላቸው አንዱ ሰው አይደለም፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ነገር የልጆች ጨዋታ ብዬ የማልፍ ሰው፣ ብዙም ሳልቆይ ትራስ አቅፌ ቁጭ አልኩ። በር በከፈቱ ቁጥር ዋናዋን አክተር "አትውጪ፣ የኔ ልጅ" እላታለሁ። እነዚህን ሕፃናት ያለ አንድ ትልቅ ሰው የላካቸው ማነው ብዬም ተቆጣሁ። ልጄ ወደ እኔ ሳትዞር ፈገግ ስትል ከጎን አየኋት። ከፊልሙ ይልቅ ፈገግታዋ ደስ አለኝ።

ከዚያ አክተሯና አንድ ዝምተኛ ልጅ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ተጠጋጉ። ምን እንደሚመጣ ገባኝ። በእኛ ቤት ቲቪ ላይ ሰዎች ሊሳሳሙ ሲሉ ወላጅ ሥራ ይበዛበታል፤ አባቴ ጋዜጣ ያነሳ ነበር፣ እኔን ደግሞ ውሃ ይጠማኛል። ወጥ ቤት ገብቼ ቀስ ብዬ ጠጣሁ፤ ብርጭቆውንም አጠብኩ። ይበቃቸዋል ብዬ ስመለስ ሁለቱ ከንፈር ለከንፈር ሊገናኙ ጥቂት ሲቀራቸው ስክሪኑ ላይ ደርቀው ቆመዋል። ልጄ ፖዝ አድርጋ እየጠበቀችኝ ነው።

"ይሄን ካላየህ ፊልሙ አይገባህም" አለችኝ፣ በአማርኛ።

ተቀመጥኩ። የማይበት ጠፍቶኝ መጀመሪያ ቲቪው ሥር ያለውን ሽቦ አየሁ፤ በኋላ ግን ቀና አልኩ። ሲሳሳሙ ልጅቷ እጇን ደረቱ ላይ አሳረፈች፤ ልቡ አይመታም። ሰው ያልሆነው እሱ ነበር። ቀድሞም ጠርጥሬው እንደነበር ስናገር ልጄ "ኧረ ባክህ" ብላ ሳቀች። ከዚህ በፊት አይታው እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ሲኒማ ቤት አይቼዋለሁ" አለች። ሳቋ ቆመ። "ከሱ ጋር።"

ፊልሙ ይሄዳል፤ ሁለታችንም አናየውም። ንዴቴ ሲመጣ ተሰማኝ። ግን ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? ፈልጋ ነው የነገረችኝ።

"አባዬ፣ ስሙን እንኳን አልጠየቅከኝም።"

ስሙን ጠየቅኳት። ነገረችኝ። አስተካክዬ መጥራት እንድችል ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።