ሎሚ የነካት የነሐስ ሴት

ሎሚ በቆረጥኩ ቁጥር ጣቶቼን አሸታለሁ። ነሐስ ነሐስ ይሉኛል፤ ያቺ መዳፍ የምታክል ሜዳልያ ትመጣብኛለች።

አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቡርንስቪል ነበር፤ እማዬ ደግሞ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ አንድ ሽማግሌን ቤታቸው እየሄደች እየተንከባከበች ሆም ኬር ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ከሺፍት ስትመለስ ከዩኒፎርሟ ኪስ በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ፊቷን ወደ ጎን ያዞረች ሴት የተቀረጸችበት ቡናማ ሜዳልያ። ከአንገቷ ሥር በደቃቅ ፊደል የሠሪው ስም አለ።

"ከየት አመጣሽው?"

"ሽማግሌው ሰጡኝ።"

"እንዲሁ?"

"እንዲሁ ነዋ! ምን ሆነሻል?"

ስሙን ጉግል አደረግሁ። ድሮ የሰው መልክ በነሐስ ሲቀርጽ የኖረ ፈረንሳዊ፤ ሥራዎቹ ሙዚየም ገብተዋል። ይኼን ገላውን ለምታጥበው ሴት ማን በነጻ ይሰጣል? አልኩ። አፈር ልብላ፣ ስለ ገዛ እናቴ ነው እንዲህ ያልኩት!

በማግስቱ ሲንኩ ላይ ጎንበስ ብላ በሎሚና በጨው ስትፈትገው ደረስኩ። "ቆሽሾ እኮ ነው፤ ነሐስ በሎሚ ነው የሚጠራው" አለች። ቡናማው እየለቀቀ ነሐሱ ቢጫ ሆነ። የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ መልኩን ልታጠፋ ነው ብዬ ደመደምኩ። ምን ያለች መርማሪ ነበርኩ መሰላችሁ!

የሽማግሌው ሴት ልጅ ስልክ ቁጥር ፍሪጃችን ላይ ተለጥፎ ነበር። እማዬ ሻወር ስትገባ ደወልኩላት። "አባትሽ ቤት የጠፋ ሜዳልያ ካለ እዪ" ብዬ ስሜን ሳልናገር ዘጋሁት።

ሁለት ቀን ሳይሞላ እማዬን ከቀጠራት ኤጀንሲ ተደወለ። ሽማግሌውም መስመሩ ላይ ነበሩ። እንግሊዝኛ ደህና የምችለው እኔ ስለሆንኩ ያስተረጎምኩት እኔው ነኝ።

"እኔ ነኝ የሰጠኋት" አሉ ሽማግሌው። "አቧራዋን ስትጠርግ ሁልጊዜ ቆማ ታያት ነበር።"

ኤጀንሲው ግን ስጦታ መቀበል ክልክል ነው ብሎ እማዬን ከዚያ ቤት አነሳት። ሜዳልያዋን ግን ሽማግሌው መልሼ አልቀበልም አሉ። ሽማግሌው "ታዲያ ነገ ማን ይመጣልኛል?" ሲሉ ሰማሁ። እሱን አላስተረጎምኩም። እማዬ "እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ለልጃቸው ማን ደወለ ብላ ጠይቃ አታውቅም።

ያ ቡናማ ቀለም ሠሪው ራሱ በእሳት ያበሰለው እንጂ ቆሻሻ እንዳልነበር ያወቅነው ኋላ ነው።

ዘንድሮ ፕሊማውዝ የራሴ ቤት ስገባ እማዬ ሜዳልያዋን በዚያው ዓይነት ናፕኪን ጠቅልላ አመጣችልኝ። እጄ ላይ አስቀምጣ፣ "ያን ቀን እኮ የሻወሩን ውሃ ዘግቼው ነበር" አለችኝ።

ስልኩን ሰምታለች። ይኼን ሁሉ ዓመት!

"በይ ግድግዳው ላይ ስቀያት" አለች፤ "ሎሚ ብቻ እንዳታስነኪያት።"